አክስቴና ያጠረው መንጠቆ

አክስቴ ብዙ አታወራም። የቤተሰቡን ወሬ ሁሉ እኔ ወስጄባት ለሷ የቀረላት የለም ይላሉ። ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ ላይ እሷን «ዝምታ»፣ እኔን ደግሞ «ሬዲዮ» ነው የሚሉን። አብረን ስንመጣ ካዩን «መጡላችሁ! አንዷን ክፈቱ፣ አንዷን ዝጉ!» ይላሉ። እሷ ፈገግ እንኳ አትልም። ስለማይገባት አይደለም፤ ፈገግ ለማለት ጉልበት ስለሌላት ነው።

አክስቴ ጀልባ ነጂ ናት። ሞተር ያለው እንዳይመስላችሁ፣ የሸራ ጀልባ ነው። ሰውና ጓዝ ማዶ ታሻግራለች፤ ተማሪ፣ ነርስ፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴ ፍራሽ። ባሏ በሕይወት እያለ ሁለት ነበሩ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ መሪው ላይ። እሱ ካረፈ በኋላ የሱንም ሥራ በራሷ ላይ ደረበችው። ሸራውን የምትስብ እሷ፣ መሪውን የምትይዝ እሷ፣ የምታስረው እሷ። እና ከሥራው ጋር መንጠቆውንም ወረሰች።

እንግዲህ ስለ መንጠቆው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነውና። የዓሣ መንጠቆ አይደለም። ረጅም የእንጨት ዱላ ነው፣ ጫፉ ላይ ብረት የተሰካበት። ብረቱ ሁለት አፍ አለው። አንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ በሱ ትገፋላችሁ፤ ሌላው የተቆለመመ ነው፣ በሱ ትስባላችሁ። ቀጥ ያለው አፍ ሹል መሆን የለበትም፤ ሹል ከሆነ የሰው ጀልባ ይበሳል፣ ከዚያ ጠብ ነው። እኔ ወደቡ አጠገብ ገመድና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ከትምህርት ጋር ቶሎ ነው የተሰነባበትነው፣ ስለ መንጠቆ ግን አንዴ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም።

መድረኩ እንደ ምላስ ወደ ውሃው የወጣ የእንጨት መተላለፊያ ነው። በግራና በቀኙ ግንዶች ቆመዋል። በየግንዱ ላይ የብረት ቀለበት አለ፣ ከቀለበቱ ደግሞ ጫፉ የተቋጠረ ገመድ ይንጠለጠላል። ጀልባ ሲጠጋ ነጂው ያንን ገመድ በመንጠቆው ለቀም ያደርግና ጀልባው ጠርዝ ላይ ባለው ጉጥ ላይ ይጥለዋል። በቃ፣ ታሰረ። ከሳተው ግን ወደ ውሃው ተመልሶ፣ ዞሮ፣ እንደገና መምጣት አለበት።

ጀሪካኑ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ብቻ ገመዱን ስቶ የዞረ ነጂ ሲመለስ መድረኩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባዶ ጀሪካን አንስቶ ይደበድብለታል። ድም፣ ድም፣ ድም! «ዞሮ መጣ! ዞሮ መጣ!» ቀልድ ነው፣ ግን ቀልዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ትልቅ ሰውዬ ጀሪካን የተመታበት ቀን ምሳውንም ሳይበላ ቤቱ ገብቶ ተከናንቦ ተኛ።

የአክስቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ አልተመታበትም። እናቱ ዛሬም ከአክስቴ ጋር ነው የሚኖሩት፣ እማማ ነው የምንላቸው። ይሄን ነገር እንደ ማዕረግ ነው የሚያወሩት። ሌላ እናት «ልጄ ዶክተር ነው» እንደምትለው፣ እማማ «ልጄ ላይ ጀሪካን አልተመታም» ይላሉ።

አክስቴም ላይ አልተመታም ነበር። እንዴት እንዳልተመታባት ታውቃላችሁ? በትከሻዋ ነው።

ባሏ ረጅም ሰው ነበር። መንጠቆውንም በራሱ ቁመት ነው የሠራው፣ ከአናቱ በላይ አንድ ክንድ አስተርፎ። አክስቴ ደግሞ አጠገቡ ስትቆም ደረቱ ጋ ነበር የምትደርሰው። ዱላው ሲረዝም ክብደቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ነው የሚሄደው፤ ይዛ ስትዘረጋው መንጠቆ ሳይሆን ጫፉ ላይ ሰው የተቀመጠበት እንጨት ነው የሚመስለው። ማንጠልጠያውም በባሏ ልክ ነው የተሠራው። ጀልባው ላይ በቀኝ በኩል፣ ወደ ፊት ራቅ ብሎ፣ ሁለት የገመድ ቀለበቶች ውስጥ ነው የሚሰካው። እሱ እጁን ዘርግቶ ያነሳዋል፤ እሷ ከመሪው ላይ ተነስታ፣ ተንጠራርታ፣ ተመልሳ ነው።

ከዚያ ደግሞ ድካሙ አለ። ሰው ሲደክመው ቀስ የሚል ይመስላችኋል? ውሸት ነው፣ ይፈጥናል። ቶሎ ደርሼ፣ ቶሎ አስሬ፣ ቶሎ ልቀመጥ ነው። አክስቴ ሸራውን እንደነፋ ይዛ ትመጣና ገመዱን ትነጥቀዋለች፤ ከዚያ ያን ሁሉ ጆንያ፣ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ትከሻ ታቆመዋለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ጠዋት የተቆለመመው ብረት ገመዱን ትቶ ቀለበቱን ነከሰ። ነከሰና አልለቅም አለ። ጀልባው ይሄዳል፣ መንጠቆው ቆሟል፣ አክስቴ መሀል ናት።

እንዲህ ሲሆን መልቀቅ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። የእንጨት መንጠቆ አይሰምጥም፤ ብረቱ ወደ ታች፣ ጅራቱ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ባዶ ጠርሙስ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ዞራችሁ ታነሱታላችሁ። እሷ ግን አለቀቀችም። ከለቀቀች መዞር አለ፣ ከዞረች ጀሪካን አለ። ትከሻዋ ቋ ሲል ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሰሙት።

ሐኪሙ «እረፊ» አላት። «እሺ» አለችው። በማግስቱ ጀልባው ላይ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። ክንዷ አልታዘዝ አላት። አንድ ቀን ጀልባው መድረኩን ደህና አድርጎ ገጨ፤ አንዲት ነርስ ከመቀመጫዋ ተነስታ የሽንኩርት ጆንያ ላይ አረፈች። ነርሷ ደህና ናት፣ ሽንኩርቱ ነው የተጎዳው። የመድረኩ ሹም ግን አይቷል። አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ፊሽካ የሚያንጠለጥል፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

«እትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «የምትጭኚው ሰው ነው እኮ። ሐሙስ ጠዋት አብሬሽ ማዶ ደርሼ እመለሳለሁ። ስንመለስ መድረኩን ሳትገጪ፣ ማንም ገመድ ሳያቀብልሽ፣ ብቻሽን ካሰርሽ ጀልባዋ ያንቺ ናት። ካልሆነ የወደቡ ናትና ለሌላ ነጂ እሰጣታለሁ። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምህም» አለችው። ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ያች ጀልባ ከሄደች ያ ቤት የሚቆምበት ሌላ እግር የለውም። ይሄን ደግሞ ለማንም መንገር አላስፈለጋትም።

እኔ ምን አደረግኩ? ሱቃችን ውስጥ ያለውን መንጠቆ በሙሉ አስፈቅጄ ተሸክሜ መጣሁ።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?» አለች ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች።

«መንጠቆ ነዋ! ሞክሪያቸውና የማትፈልጊውን እመልሳለሁ።»

«ነገ ልሞክር።»

«ነገ ረቡዕ ነው! ከነገ ወዲያ ፊሽካው ነው!»

«ወይ ጣጣ» አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች።

ባልዲ ውሃ ሞልቼ ግቢው መሀል አስቀመጥኩላት፤ እጀታውን በመንጠቆ ይዛ እንድታነሳው። እማማ ከመኝታቸው በላይ ባለው መስኮት በኩል ያዩናል። ያ መስኮት ወደ ውጭ ተገፍቶ የሚከፈት ነው፣ መያዣው ግን ከተሰበረ ቆይቷል፤ አሮጌ ጫማ ነው የሚወተፍበት። ጫማው ሲንሸራተት መስኮቱ ጓ ብሎ ይዘጋና የእማማን ንግግር መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል።

መጀመሪያ የሰጠኋት እየተሳበ የሚረዝመውን፣ ተጠምዝዞ የሚቆለፈውን ነው። እኔ ለሱ ነፍሴን እሰጣለሁ፣ እንዴት ያምራል! አክስቴ በታመመው እጇ ጠመዘዘችው፣ ይቆለፍ አይቆለፍ ሳይታወቅ ግድግዳውን ገፋችበት። ሹልክ ብሎ ወደ ውስጡ ገባና ግንባሯ ግድግዳውን ሊስም ምንም አልቀረው።

«ምንድነው እሱ፣ ቀንድ አውጣ ነው እንዴ ሲነኩት የሚገባው?» አሉ እማማ። ጓ! መስኮቱ ተዘጋ።

ሁለተኛው ጫፉ ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ ግን ባልዲውን ሲያነሳ ጫፉ ቀስ እያለ ተቃና፣ ባልዲውም ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስተኛው አንድ ወጥ የብረት ቱቦ፣ እንደ ላባ የቀለለ። አክስቴ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ ያዘችው። ቱቦው ክብ ስለሆነ እጇ ውስጥ ዞረ፣ አፉም አብሮ ዞረና ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

«ውሃ ከገባበትስ?» አለችኝ።

«ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው» አልኩ። ምን ልዋሽ?

የባሏ መንጠቆ እንደነዚህ አይዞርም። ዱላው ክብ አይደለም፣ ትንሽ እንቁላልማ ነው፤ ሰው ሳያይ በመዳፉ ብቻ አፉ ወዴት እንደዞረ ያውቃል። አክስቴ ሄዳ እሱን አመጣችው። ጅራቱ ላይ ስትይዘው ክንዷ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አስኬደችና ከመሀል ከፍ አድርጋ ያዘችው። ባልዲው ተነሳ! ቀጥ ብሎ! ግን ከኋላዋ የተረፈው ዱላ ግድግዳውን መታው፣ ያንን ጫማ አራገፈው፣ መስኮቱ እማማ ላይ ተዘጋ።

«አክስቴ!» አልኩ እኔ፣ አፌ መቼ ያርፋል፣ «ትርፉ እኮ ጅራቱ ነው! ጅራቱን ብቻ ብንቆርጠው...»

መስኮቱ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ምኑን ነው የምትቆርጡት?» አሉ እማማ። «የልጄን ቁመት?»

«ማንም አይቆርጠውም እማማ» አለች አክስቴ። ባልዲውን ደፋችና መንጠቆውን ይዛ ገባች።

ማታ ማታ መንጠቆው ቤት ነው የሚያድረው፤ ጀልባ ላይ ያደረ ዕቃ ጠዋት ሌላ ጀልባ ላይ ነው የሚገኘው። ጥግ ላይ ካቆሙት ደግሞ እንጨቱ ይጎብጣል። ስለዚህ በር አጠገብ ሁለት ምስማር ላይ ተጋድሞ ያድራል። ቤቱ ግን ከመንጠቆው ያጥራል። ጅራቱ በሩን አልፎ ኮሪደሩ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ግንባሩን ተመትቷል። እኛ ዘመዶቹ ጎንበስ ማለት ለምደናል፤ እንግዳ ነው የሚጮኸው። እማማ በየምሽቱ ተነስተው በጨርቅ ያደርቁታል፣ የእንጨት ዘይት ይቀቡታል። ልጃቸው የሚይዝበት ቦታ ላይ እንጨቱ ተበልቶ ሰርጎድ ብሏል፤ እዚያ ሲደርሱ እጃቸው ይዘገያል። ጅራቱ ጋ ነው፣ እኔ ይቆረጥ ያልኩት ቦታ።

የዚያን ቀን ራት ላይ ማንም ስለ መንጠቆ አላነሳም። እኔ እንኳ አላነሳሁም። አክስቴ ሰሃኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማንኪያው እጇ ላይ አለ። እማማ ትኩር ብለው አዩዋት።

«ይቺ ልጅ በግራዋ መብላት የጀመረችው መቼ ነው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው እኔም ያየሁት። ማንኪያው በግራዋ ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስመጣ አክስቴ በር ላይ ቆማለች። እማማ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መንጠቆው ሌላ በርጩማ ላይ ተጋድሟል፣ መጋዙ ጭናቸው ላይ ነው።

«ና ቁሚ እዚህ» አሉ ለአክስቴ፤ ሲቸኩሉ ወንድ ሴት ይደባለቅባቸዋል። «ቀጥ በይ። ሥራ የፈታሁ መስሎሻል?»

መንጠቆውን አጠገቧ አቆሙት። እኔ ጀልባው ላይ ቆማ ውሃ ነክታበት ትንሽ መትረፍ አለበት አልኩ። እማማ እጃቸውን ከአክስቴ ግንባር ትንሽ ከፍ አድርገው በጥፍራቸው እንጨቱን ጫሩት። «እዚህ» አሉ። ከዚያ ዱላውን አጋድመው ጫፉ ላይ ተቀመጡበት፣ እንዳይነቃነቅ። «በይ ቁረጪ። እኔ ወደዚያ ነው የማየው።»

አክስቴ በግራዋ መጋዙን ያዘች። እኔ ደግሞ የመጋዙን ሌላ ጫፍ። መጋዙ ሲሄድና ሲመጣ እማማ አጥሩን ነበር የሚያዩት። ቁራጩ ሲወድቅ አንስተው ጉያቸው ውስጥ ከተው ገቡ።

እኔ ያጠረውን መንጠቆ የልብስ ማጠቢያ በርሜሉ ውስጥ ለቀቅኩት። ይሄን ማየት አለብኛ! ጅራት ሲያጥር ብረቱ ያሸንፋል። እውነትም ጅራቱ ለጥቂት ብቅ አለና ብሉቅ ብሎ ወረደ። በሩጫ ሱቅ ሄድኩና መረብ ላይ የሚታሰረውን የቡሽ ኳስ አምጥቼ ጅራቱ ላይ አሰርኩለት። አሁን ይንሳፈፋል። ሳይመሽብን ደግሞ ወርደን አዲስ ማንጠልጠያ ሠራን፤ በግራ በኩል፣ መሪው አጠገብ፣ ተቀምጣ የምትደርስበት። ብረቱን ወደ ኋላ አዞርነው፣ የተሳፋሪ ዓይን እንዳይወጋ። በቀኝ በኩል ያሉትን የባሏን ማንጠልጠያዎች ልፈታቸው ስል «ተያቸው» አለች። ተውኳቸው። መድረኩንም ከነገ ጀምሮ በግራ ጎኗ ልትጠጋው ወሰነች፤ በየትኛውም ጎን ማሰር ይቻላል።

ሐሙስ ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ነበር፣ ደህና ነፋስ። ከሱቅ አስፈቅጄ ተሳፈርኩ። ሹሙ ከነፊሽካው መሀል ተቀመጠ። ያቺ ነርስም አለች። «ዛሬስ ጆንያ ላይ አልሄድም» ብላ መቀመጫውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ማዶ ደርሰን፣ ሰው አውርደን፣ ሰው ጭነን ተመለስን፤ ነርሷም መድኃኒት ይዛ አብራን ተመለሰች። አክስቴ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረችም። እኔም ዝም ስላልኩ ሹሙ «ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

መድረኩ ቀረበ። ጫፉ ላይ ወርቅ ጥርስ የምንለው ሰው ቆሟል፤ እሱም ነጂ ነው፣ ጀሪካን ሲመታ ከሁሉ ፊት የሚገኝ። ወሬው ሁሉም ጋ ደርሷል፣ ሰው ተሰብስቧል።

አክስቴ የሸራውን ገመድ ለቀቅ አደረገችው። መሪውን በዳሌዋ ደገፈች። ግንዱ መጣ፣ ገመዱ ተንጠልጥሏል፣ በግራችን፣ እንዳሰብነው። እጇን ዘረጋች።

ቀኝ እጇን! ወደ ቀኝ! የባሏ ማንጠልጠያዎች ጋ!

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ያ ሁሉ ዓመት ወደዚያ ሲዘረጋ የኖረ እጅ በአንድ ምሽት ከየት ይማር? ባዶ የገመድ ቀለበት ጨበጠችና ደርቃ ቀረች። ወደ ግራ ዞራ መንጠቆውን እስክታነሳ ግንዱ አጠገባችን ደርሶ ማለፍ ጀመረ። አሁን ብትወረወር ትደርስበት ነበር። በቀኝ ትከሻዋ፣ በሙሉ ክብደቷ፣ እንደ ድሮው። አየኋት፣ ክንዷ ሊሄድ ነበር።

ወርቅ ጥርስ ገመዱን አንስቶ ዘረጋላት። «እትዬ፣ ላቀብልሽ?» ጥርሱ ያበራል።

ገመዱን አየችው። ክንዷን ሰበሰበች።

«ተወው ወንድሜ» አለች። «እዞራለሁ።»

መሪውን ገፋች፣ ሸራውን ሳበች፣ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ውሃው መለሰ። ከኋላችን መጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ ድም! ድም፣ ድም፣ ድም! «ዞረች! ዝምታ ዞረች!» አንዱ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል አሉ!» ይላል። እኔ መቀመጫው ሥር ልገባ ነበር።

«ይምቱ» አለችኝ አክስቴ። «እጃቸው ሲደክም ይተዋሉ።»

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዞርሽ እኮ።»

«ዞርኩ። መድረኩን ገጨሁ?»

«አልገጨሽም።»

«ገመድ ተቀበልኩ?»

«አልተቀበልሽም።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። ገና አልደረስንም።»

በዕድሜዋ ለሹም ይህን ያህል ቃል ተናግራ አታውቅም።

ከዚያ ዞረን መጣን። ግን እንዴት እንደመጣን! ምንም አልቸኮለችም። አንዴ ከተመታባት ምን ቀራት? ራቅ ብላ ሸራውን ለቀቀችው፣ ሸራው እንደተሰጣ ልብስ ተርገበገበ፣ ጀልባው ከራሱ ጋር ሲመካከር እየዘገየ፣ እየዘገየ፣ ልትተኛ እንደመጣች ላም ግንዱ አጠገብ መጥቶ ቆመ። አክስቴ ግራ እጇን ወደ ግራ ሰደደች። መንጠቆው አለ። ገመዱን ከማስጫ ላይ ልብስ እንደሚያነሳ ሰው አነሳችው፣ ጉጡ ላይ ጣለችው። ምንም ነገር ምንም ነገርን አልገጨም።

ጀሪካኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ወርቅ ጥርስ የመጨረሻዋን ድም አድርጎ ዙሪያውን ሲያይ ብቻውን መሆኑን አወቀ። ጀሪካኑን ደፍቶ ተቀመጠበት።

«ደረስን እንዴ?» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ጨፍና ኖሯል።

ሹሙ ከጀልባው ወረደና ልብሱን አራገፈ። እኔ ንግግር ስጠብቅ «እትዬ፣ ነገ ሲሚንቶ የሚያሻግሩ አሉ፣ ማልደሽ ነይ» ብሏት ሄደ። ይሄው ነው። ዘልዬ ተጠመጠምኩባት።

«ቀስ! ትከሻዬ!» አለች። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን አየች። «እና ነገም መምጣቴ ነው?»

«አዎ! ጀልባዋ ያንቺ ናት!»

«ውይ» አለች።

ማታ ቤት ስንገባ የእማማ መስኮት ተከፍቷል። ጫማው የለም። ያ የመንጠቆ ቁራጭ ነው ልክክ ብሎ የያዘው፣ የሰረጎደው ጎኑ ወደ ውስጥ፣ ተኝተው እጃቸው በሚደርስበት በኩል። መስኮቱ ደግሞ ከግቢው አልፎ ወደ ውሃው ነው የሚያየው።

«ጠዋት ጀሪካን ሰምቻለሁ» አሉ። «የማን ነበር?»

እኔ ላስተባብል አፌን ከፈትኩ።

«የኔ ነበር እማማ» አለች አክስቴ ጫማዋን እያወለቀች።

«ልጄ ላይ...»

«አልተመታም። አውቃለሁ።»

እማማ ቁራጩን ነካ ነካ አደረጉት። «እሱ እጁ ረጅም ነበር» አሉ። ቆዩና «ጀልባዋስ?» አሉ።

«አለችን።»

«ትከሻሽስ?»

«ዛሬ አላስቸገረኝም።»

አክስቴ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፣ ዓይኗ ተከደነ፤ ተኛች ብዬ ልወጣ ስነሳ እማማ አልጋቸው ሥር ያለውን ባዶ ሳፋ በሁለት ጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ድም፣ ድም፣ ድም። ቀስ ብለው።

አክስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች። ሆዷ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

«ነገም እዞራለሁ» አለች ወደ ግድግዳው እየዞረች። «ከደከመኝ እዞራለሁ።»

መንጠቆውን አድርቄ ምስማሮቹ ላይ አጋደምኩት። ልኩ ሆኗል፣ ኮሪደሩ ላይ የሚወጣ ነገር የለውም። ስወጣ ግን በሩ ጋ ደርሼ ጎንበስ አልኩ። የሚመታኝ ጅራት የለም እኮ። ግን ጎንበስ አልኩ።